አገርህ የት ነው ሲሉት

ዱብቲ ውስጥ ሰው ከሰው ሲተዋወቅ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስም አይደለም፤ አገር ነው። ጥጥ ለቃሚው ከጭነት መኪናው ላይ ዘሎ ወርዶ ጓዙን ከትከሻው ሳያወርድ፣ ቀድሞት የመጣው «አገርህ የት ነው?» ይለዋል። እሱም «የጁ»፣ «ላስታ»፣ «ቡልጋ»፣ «ከምባታ» ብሎ ይመልሳል። ስሙ ቆይቶ የሚመጣ ነገር ነው። «የጁው» ወይም «ከምባታው» እንደተባለ፣ ስሙን ማንም ሳያውቅለት ለቀማው አልቆ የሚመለስም አለ። እዚሁ ዱብቲ የተወለደ ልጅ እንኳ ሲጠየቅ ዱብቲ አይልም። አይቶት የማያውቀውን የአባቱን አገር ይጠራል። ወጉ እንደዚያ ነው። ዱብቲን አገሬ የሚሉት አፋሮቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ የሚጠይቃቸው የለም።

አባቴ ሲጠየቅ «ሐድረሞት» ይል ነበር።

ሐድረሞት ከባሕሩ ማዶ ያለ የዓረብ አገር ነው ይላሉ። አባቴ ግን ማዶውን ቀርቶ ባሕሩንም አላየ። አባቱ ጨርቅ በግመል ጭኖ ከባሕር ዳርቻ ወደ ባቲ የወጣ ነጋዴ ነበር። እዚያው አንዲት የባቲ ሴት አገባ፤ እሷ እርጉዝ እያለች ወባ ገደለው። አባቴ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። የአባቴ ዓረብኛ ለሶላት የምትበቃ ናት፤ በላይዋ ላይ ትንሽ ስድብ አለባት። ሲነግድ በአፋርኛ፣ ሲቆጣ በአማርኛ ነው። ያም ሆኖ ዱብቲ በሙሉ «ዓረቡ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ሱቃችንም «ዓረቡ ቤት» ይባላል። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ተምር፣ ነጭ ጋዝ፣ ሽርጥና በረባሶ እንሸጣለን። እናቴ በሱቁ በረንዳ ላይ ሻይ ታፈላለች። እሷ የወረኢሉ ሴት ናት፤ ከወንድሟ ጋር ለለቀማ መጥታ ነው ከአባቴ ጋር የተገናኙት።

እኔ በጥጥ እርሻው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማርኩ። ሰባተኛ ክፍል ዱብቲ ውስጥ አልነበረም፤ ደሴ ልሂድ ስል ደግሞ አባቴ «ሴት ልጅ ብቻዋን!» አለ። ስለዚህ ከሱቁ ጓዳ ተቀምጬ ስኳር እየመዘንኩ በወረቀት መጠቅለል ሥራዬ ሆነ። ጓዳውን እወደው ነበር። ሰው ፊት ስቆም አፌ ይደርቃል፤ ሲያናግሩኝ በቃል ከመመለስ ራሴን መነቅነቅ ይቀለኛል። እናቴ፣ «የዚች ልጅ አፍ ቁልፉ አዋሽ ውስጥ ወድቋል» ትላለች።

ነገሩ የተጀመረው በለቀማው ማብቂያ ነው። ከእርሻው ቢሮ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ሰው ተሰብስቧል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ካቦው አየኝ። ካቦው የለቃሚዎቹ አለቃ፣ የመንዝ ሰው፣ በየቀኑ ከእናቴ በረንዳ ሻይ የሚጠጣና ጨዋታ የሚወድ ነው። ማንበብ ሲሆን ግን ዓይኑን ያመዋል።

«ነይ እስቲ፣ ተማሪዋ! አንብቢልን።»

አነበብኩ።

«ድምፅሽን ጨምሪው እንጂ! ለትንኝ ነው እንዴ የምታነቢው?»

ጨመርኩ። ማስታወቂያው በአገሩ ውስጥ ስለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበር። ከኢሚግሬሽን ሹም ስለሚመጡ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ቀርቦ ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ያሳይ፤ ጊዜው ያለፈበት ያሳድስ፤ ፈቃድ የሌለው አገሩን ለቆ ይውጣ ይላል። «ቪዛ» የሚል ቃልም ነበረበት፤ ስደርስበት ተደናቀፍኩ።

«ቪዛ ማለት፣» አለ ካቦው ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «በር ማንኳኳት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ደግሞ ገብተህ አረፍ በል መባል ነው። አንኳኩቶ ዝም ብሎ መግባት የለም።»

«እኛስ?» አለ አንድ ለቃሚ።

«አንተማ የቤቱ ልጅ ነህ፤ በአጥር ዘለህ ትገባለህ።»

ሳቁ። ማታውኑ በረንዳችን ላይም ወሬው ያው ነበር። ሁሉም ስለ እርሻው ፈረንጆች፣ ስለ ጥጥ ባለሙያዎቹና ስለ መካኒኮቹ ነው የሚያወራው። አባቴም እየሳቀ «ምስኪኖች! ከዚህ ሙቀት የሚያባርራቸው ካገኙ ምርቃት ነው» አለ። እኔም ከጓዳ ሆኜ ሳቅሁ። ማስታወቂያውን ቃል በቃል አንብቤው፣ አንዲትም ቃል ወደ እኛ ቤት የምትመጣ አልመሰለኝም።

ሹሙ በላንድሮቨር መጡ። መኪናቸው ሎግያን አልፋ በሰመራ ጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ ስትመጣ አቧራዋ ከሩቅ ይታይ ነበር። ወጣት ናቸው፤ መነጽር አድርገዋል፤ ሙቀቱ ገና ከመድረሳቸው አሸንፏቸዋል። ከቢሮው ፊት ለፊት ሸራ ተወጥሮ ጠረጴዛ ቀረበላቸው። ፈረንጆቹ አንድ በአንድ መጡ። የእነሱን ፓስፖርት የቢሮው ጸሐፊ ሰብስቦ ይዞት ነበርና ሹሙ ገልበጥ ያደርጋሉ፣ ማኅተም ይመታሉ፣ ፈረንጁ እጃቸውን ጨብጦ ይሄዳል። ከማሳው ዳር ሆነው የሚያዩት ለቃሚዎች «ይኸው ነው እንዴ?» እየተባባሉ አዘኑ። ጠብ ነገር ጠብቀው ነበር።

እኩለ ቀን ሲሆን ሹሙ ሻይ አምጡልኝ ብለው ላኩብን። አባቴ ለትልቅ ሰው ሻይ ሲላክ ራሱ ነው የሚያደርሰው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቆቡን አስተካክሎ ማንቆርቆሪያውን ያዘ፤ እኔ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዤ ተከተልኩ። ሹሙ ሻዩን ቀምሰው ደስ አላቸው። ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ኋላ ደገፍ ብለው ነበር። ለጨዋታ ያህል፣ ሰው ለሰው እንደሚለው ያህል፣

«አገርዎ የት ነው?» አሉት።

«ሐድረሞት፣ ጌታዬ» አለ አባቴ። ሁልጊዜ እንደሚለው፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

የሹሙ ብርጭቆ ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ።

«ፈቃድዎን ያሳዩኛ እንግዲህ።»

«የምን ፈቃድ?»

«የመኖሪያ።»

«የት ለመኖር?»

«እዚህ ነዋ!»

«እዚህማ እኖራለሁ።»

በዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀ። ሹሙ አልሳቁም። ብርጭቆውን አስቀምጠው ብዕራቸውን አነሱ።

«ኢትዮጵያ መቼ ገቡ?»

«ከእናቴ ሆድ ስወጣ።»

«በየት በኩል?» አሉ፤ ወደቡን ወይም ኬላውን ማለታቸው ነበር። ካቦው ግን ከኋላ፣ «ጌታዬ፣ እሱንማ ሁላችንም በምንወጣበት ነው!» አለና ሜዳው ሁሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ትሪውን በደረቴ ይዤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ሳቁ እስኪያልቅ ሹሙ ጠበቁ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ ያ ትሕትና ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ፣ አስረዱት። ፓስፖርት የለዎትም። ቪዛ ጠይቀው አልገቡም። የመኖሪያ ፈቃድ የለዎትም። ስለዚህ ሳይፈቀድልዎ የተቀመጡ የውጭ አገር ሰው ነዎት። ወሩ ሳያልቅ በሰርዶ በኩል ወደ አሰብ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ወደ አገርዎ ይሄዳሉ።

የአሰብን መንገድ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጥጡ በእሱ ይወጣል፣ ስኳራችንና ጋዛችን በእሱ ይገባል። ሰው ተጭኖ ሊወጣበት የሚችል መሆኑ ግን አንድም ቀን ታስቦኝ አያውቅም። አባቴን አየሁት። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ነው፤ ሻዩ ከማንቆርቆሪያው አፍ እየተንጠባጠበ ጫማው ላይ ይወርዳል፤ አላወቀውም።

ቀድሞ የነቃው ካቦው ነው። ሰው ገፍቶ ከጠረጴዛው ደረሰ።

«ጌታዬ፣ ስሕተት ነው! ይኼ የባቲ ሰው ነው። ዓረብ የምንለው ስንቀልድ ነው። ዓረቡ፣ ባቲ ነኝ በላቸው እንጂ!»

«እናትዎ ማን ናቸው?» አሉ ሹሙ።

«የባቲ ሴት ነበረች፣ አላህ ይማራት።»

ሹሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ክፉ ሰው አልነበሩም። መነጽራቸውን አውልቀው ላቡን ጠረጉ።

«እንግዲያው እንደገና ልጠይቅዎ። እናትዎ የዚህ አገር ሰው ናቸው፤ እርስዎም እዚሁ ተወልደው እዚሁ አደጉ። እንዲህ ያለውን ሰው የራሱን ቃል እንቀበላለን። አገርዎ የት ነው?»

አንዲት ቃል ናት። ካቦው በአፉ ቅርጽ «ባቲ» እያለ ያሳየዋል። እኔም በልቤ ባቲ፣ ባቲ፣ ባቲ እላለሁ።

«ባቲ የእናቴ አገር ነው» አለ አባቴ።

«ይበቃል እኮ! አገሬ ባቲ ነው ይበሉ፤ እኔም ሻዬን ጠጥቼ እነሣለሁ።»

«ሴት ያሳደገኝ አይደለሁም፣ ጌታዬ።»

ይህን ስድብ የማያውቅ የለም። ሴት ያሳደገው ማለት አባት ያልቀጣው፣ ወገን የሌለው ማለት ነው። አባቴ ደግሞ በእውነት ሴት ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ነበር፤ ባቲ ገበያ ላይ ግመል ነጂው ሁሉ በዚህ ቃል ሲሰድበው ነው ያደገው። ያን ጊዜ መመለሻው አንድ ነበረች፤ «አባቴ የሐድረሞት ሰው ነው» ማለት። ከአባቱ ግመልም ጨርቅም አልደረሰውም። የደረሰችው ያች ቃል ናት። አሁን በአገሬው ሁሉ ፊት መልሰህ ስጠን ሲሉት እምቢ አለ።

ሹሙ ትከሻቸውን ሰበቁ። «ነገ ረፋድ ላይ እሄዳለሁ። እስከዚያ ያስቡበት» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች። ሱቁን ዘግታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ያ ሰዓት ዱብቲ ውስጥ ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ሰዓት ነው፤ እሷ ግን ፀሐዩ ላይ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ! እውነት ነው የሚሉት?»

«እውነት ነው።»

«ለአንዲት ቃል?»

አባቴ ማንቆርቆሪያውን በረንዳው ላይ አስቀመጠ።

«ለመሆኑ እዚያ የምታውቀው ሰው አለ?»

«የለም።»

«ቤት?»

«የለም።»

«ውሃስ? ውሃ አለው አገሩ?»

«አላውቅም» አለ አባቴ። እንዲህ ሲል ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። እናቴ ልትጮህ የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋች። ያኔ ነው ሁላችንም የገባን መሰለኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲምልበት ስለኖረው አገር ውሃ ይኑረው አይኑረው አያውቅም።

በማግሥቱ ማለዳ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሸራው ሄደች። እኛ ከኋላዋ። ካቦው፣ ለቃሚዎቹ፣ መኪና የሚጠብቁ ሁሉ ተሰብስበዋል። ከአፋሮቹም ከአባቴ ጋር ቅቤ በሽርጥና በተምር ሲለዋወጡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን በትከሻና በትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል።

«ጌታዬ፣» አለች እናቴ፣ «እኔ የወረኢሉ ሴት ነኝ። ባሌ ቢያብድ እኔ አላበድኩም። እኔ አለሁና ይተዉልን።»

ሹሙ አዘኑ መሰለኝ፤ ቀስ ብለው ነው የነገሯት። «እመቤት፣ በሕጉ ሚስት ባሏን ትከተላለች። የውጭ አገር ሰው ካገቡ እርስዎም በእሱ አገር ነው የሚቆጠሩት።»

እናቴ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አየች፤ ሌላ ሴት የሚያናግሩ መስሏት።

«እኔ?»

«አዎ።»

«እኔን ነው የውጭ ሰው የሚሉኝ? ከወረኢሉ የመጣሁትን?»

«በሕግ።»

«እስቲ አማርኛዬን ይስሙት! የውጭ ሰው እንዲህ ይናገራል?»

ሰው ሊስቅ ፈልጎ አልሳቀም። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰው ፊት እንዲህ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

ሹሙ ወረቀታቸውን ትተው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ አንድ መንገድ አለ አሉ። ሰውዬው የውጭ አገር ሰው ሆነው፣ የመኖሪያ ፈቃድ አውጥተው፣ በየዓመቱ እያሳደሱ እዚሁ መኖር ይችላሉ፤ ብዙ ዘመን ተቀምጠዋልና። ነገር ግን የውጭ ሰው ያለ ዋስ አይቀመጥም። ለፈረንጆቹ እርሻው ዋስ ነው። ለእርስዎ የዚህ አገር ሰው የሆነ ዋስ ያምጡ፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ፣ ስንጠይቀው የሚመልስ።

ሁላችንም ካቦውን አየነው። ካቦው ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገ።

«እኔ... ዓረቡ ወንድሜ ነው። ግን ለቀማው አልቋል፤ ነገ ተነገ ወዲያ አገሬ ነው የምገባው። መንዝ ሆኜ የዱብቲን ሰው እንዴት አድርጌ ልጠብቅ?» አለና ወደ ኋላ ሸሸ። ሌሎቹም እግራቸውን ማየት ጀመሩ። ፈርተው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ዋስ የሚለውን ቃል የሚያውቁት ከፍርድ ቤት ነው።

አፋሩ ሽማግሌ ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

ሹሙ ደስ ብሏቸው ብዕራቸውን አነሱ። «ቤትዎ የት ነው?»

«ዝናብ ከጣለ ዝናቡ ያለበት። ካልጣለ አዋሽ ዳር።»

«ማለቴ ቋሚ ቤት። ስፈልግዎ የት አገኝዎታለሁ?»

«መንገድ ላይ ያገኙትን አፋር ይጠይቁ። ያውቃል።»

«እሱ በወረቀት አይጻፍም፣ አባቴ። ቋሚ አድራሻ የሌለው ዋስ አይሆንም።»

ሽማግሌው ገረማቸው። ሹሙን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። «እኔ እዚህ ሳለሁ ወንዙ ስንት ጊዜ ቦታ ቀይሯል፤ ቋሚ አይደለህም የምባለው እኔ ነኝ?» አሉ። ሹሙ አንገታቸውን ደፉ። ሲያቀኑት ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። እኔ ከእናቴ ኋላ ነበርኩ፤ እሷ መሬት ስለተቀመጠች የምሸሸግበት አልነበረኝም።

«ይቺስ?»

«ልጃችን ናት» አለች እናቴ።

«አካለ መጠን ደርሳለች?»

«ለባል ከደረሰች ቆየች፤ አፍ ስለሌላት ነው የቀረች።»

«ያልደረሰ ልጅ አባቱን ይከተላል፤ የደረሰ ግን ራሱ ይናገራል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ አገርሽ የት ነው?»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ሳይገባኝ ቢቀር በወደድኩ። ሐድረሞት ካልኩ ሦስታችንም በአሰብ መንገድ ወጥተን እንሄዳለን። ሌላ ካልኩ ዋስ ሆኜ አስቀራቸዋለሁ፤ ግን አባቴ ለእናቱ አገር እንኳ ያልለወጠውን ቃል እኔ አፌን ሞልቼ በእሱ ፊት ልክደው ነው። አባቴን ላየው አልደፈርኩም። የማየው እግሩን ነበር፤ ትናንት ሻይ የፈሰሰበትን ጫማ። ሁሉም ይጠብቃል። ይህን ያህል ሰው የእኔን ድምፅ ጠብቆ አያውቅም። ወረኢሉ ልበል ብዬ አሰብኩ፤ ግን ወረኢሉን አላውቀውም። እዋሻለሁ። የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

«ዱብቲ» አልኩ።

በመጀመሪያ ማንም አልሰማም መሰለኝ።

«ጮክ በዪ!» አለ ካቦው።

«ዱብቲ!»

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ከትናንት ጀምሮ ታፍኖ የቆየው ሁሉ ወጣ። ለቃሚዎቹ ተደጋገፉ። ካቦው ሆዱን ይዞ፣

«ዱብቲ ሥራ ነው እንጂ አገር ነው እንዴ?» አለ።

«እኛስ ታዲያ ሥራ ነን?» አሉ አፋሩ ሽማግሌ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሽማግሌው በዱላቸው ወደ እኔ ጠቁመው ለሹሙ፣ «ጻፍ። በትክክል ነው የተናገረች» አሏቸው። ሹሙም ጻፉ።

«ቤት አላት?» ብለው ጠየቁ እየጻፉ።

«አባቷ ቤት ነው የምትኖረው» አለ ካቦው፤ አሁን ሊረዳ ፈልጎ።

«ከዛሬ ጀምሮ አባቷ እሷ ቤት ነው የሚኖረው» አሉ ሹሙ፤ ቀልድ መሆኑን አላወቅኩም። ፊታቸው አልሳቀም። ከዚያ ዋስ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ፣ ለእኔ ብቻ፣ አስረዱኝ። አባትሽ ከወረዳው ወጥቶ የሚሄድ ከሆነ የት እንደሄደ ማወቅ አለብሽ። ከጠፋ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ገብቶሻል? ራሴን ነቀነቅሁ። በአፍሽ በዪ አሉኝ። «ገብቶኛል» አልኩ። ፈረምኩ። አባቴ ከእኔ ፊርማ በታች የጣቱን አሻራ አደረገ። አጠገቤ ሲያጎነብስ ትንፋሹ እጄን ነካኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። «ተመስገን! ተመስገን! ይኸው ከአፍሽ ወጣ!» ትለኛለች። አባቴ ከፊታችን ርቆ ሄደ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ቀረን እኮ። ነገር ግን አልሆነልኝም። ትናንት ጠዋት ሦስታችንም የአንድ ቤት ሰዎች ነበርን። ዛሬ አባቴ የሐድረሞት ሰው ሆኖ፣ እናቴ እሱን ተከትላ ተቆጥራ፣ እኔ ለብቻዬ የዱብቲ ሰው ሆኜ ወደዚያው ቤት ገባን።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አባቴ አላኮረፈም፤ ቢያኮርፍ ይሻለኝ ነበር። ትሑት ሆነ። ስኳር ሚዛን ላይ ሳደርግ «ይቅርታሽን» ብሎ በጎኔ ያልፋል። በረንዳው ላይ ሰዎቹ ይቀልዱበታል፤ «ዓረቡ፣ ባለአገሯ ፈቅዳልህ ነው የተቀመጥክ?» ይሉታል። «አዎ፣ ፈቅዳልኝ ነው» ይላል። እንደ ድሮው ሳቅ የለበትም። እናቴ «ተወት አድርጊው፣ ይበርድለታል» ትለኛለች። እኔ ግን እንደተናደደ አላየሁበትም። እኔን እንደ አዲስ ሰው ነበር የሚያየኝ፤ ማን እንደሆንኩ ገና እንዳልተነገረው።

አንድ ማለዳ ስኳር ስጠቀልል የጓዳው በር ላይ መጥቶ ቆመ። ንጹሕ ሸሚዙን ለብሷል። በረንዳው ፊት አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

«ሚሌ ልሄድ ነበር» አለ። «ጋዝ አልቋል።»

«እሺ፣ አባ» አልኩ።

አልሄደም። መቃኑን ይዞ ቆመ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። አባቴ ወደ መኪናው አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየኝ። ያኔ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ገባኝና እጄ ላይ ያለው ስኳር መሬት ፈሰሰ። እየቀለደ ነው ብዬ ፊቱን ፈለግሁ። ቀልድ አልነበረም።

«ከወረዳው መውጣት ነው» አለ። «አትሂድ ካልሽኝ እቀራለሁ። አንቺን እንዲጠይቁብኝ አልፈልግም።»

አፌ ደረቀ። ራሴን ልነቀንቅለት ፈለግሁ፤ ራስ መነቅነቅ ግን ለዚህ አልበቃ አለኝ። ሴት ልጅ ብቻዋን ብሎ ደሴ እንዳልሄድ የከለከለኝ ሰው ነው እኮ እንዲህ ቆሞ የሚጠብቀኝ። ሹፌሩ ደግሞ ነፋ።

«ይሂዱ፣ አባ» አልኩት። ከዚያ ድምፄ እንዳይሰማኝ ፈርቼ ቶሎ ጨመርኩበት፤ «ግን ሳይመሽ ይመለሱ።»

ልመና ይሁን ትእዛዝ እኔም አላወቅሁትም። አባቴ እጁን ከመቃኑ አነሣ።

«እሺ» አለኝና ወጥቶ መኪናው ላይ ተሳፈረ።